በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች በነፃ ወንዝ ዳር የማደር ታሪክ

በአሜሪካ ብሔራዊ ደን ውስጥ ከተዘጋጀው የካምፕ ሥፍራ ውጭ፣ ያለ ክፍያና ያለ ቀጠሮ ድንኳን ተክሎ ማደር ዛሬም በአብዛኛው የተፈቀደ ነው። በዚያ ጠረጴዛም ሆነ የቧንቧ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትም ሆነ ቆሻሻ የሚያነሳ ሠራተኛ የለም። መንገደኛው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ሲሄድም የተረፈውን ይዞ ይሄዳል። በብዙዎቹ ደኖች በአንድ ቦታ እስከ 14 ቀን መቆየት ይቻላል፤ ቀኑ ግን ከደን ደን ይለያያል። ይህን መብት አንድ አዋጅ ፈጥሮታል ማለት አይቻልም። ከመቶ ዓመት በላይ ከልካይ ሳይኖረው የኖረ ልማድ ሲሆን፣ ክፍያ እንዳይጠየቅበት ሕግ በግልጽ የደነገገው ዘግይቶ በ2004 ነው (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ድንኳን መትከል የሚወደው ውሃ ዳር ነው፤ ደኖቹ የተከለሉበት አንዱ ዋና ምክንያትም ይኸው ውሃ ነው። ታሪኩ የወንዝ ዳር ታሪክ የሆነው ስለዚህ ነው።

ብሔራዊ ደን የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት በእነዚህ ወንዞች ዳር ያድሩ የነበሩት ነባሮቹ ሕዝቦች ናቸው። በዛሬዎቹ አይዳሆ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች የሚኖሩት ኔዝ ፐርሶች ሳልመን የተባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት በክሊርዋተርና በስኔክ ወንዞች ዳር ይሰፍሩ ነበር። ዓሣውን አጥምደው፣ ሰንጥቀው ያደርቁትና ለብርዱ ወራት ስንቅ ያደርጉታል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ካማስ የተባለውን ሥር ለመቆፈር ወደ ደጋው ሜዳ ይወጣሉ። በ1855 በዋላ ዋላ ሸለቆ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የፈረሙት ውል ሰፊ መሬት አሳጥቷቸዋል። ሆኖም በለመዱት ቦታ ሁሉ ዓሣ የማጥመድና ለማድረቂያ የሚሆን ጊዜያዊ ዳስ የመሥራት መብታቸው በውሉ ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል። በ1905 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጎረቤቶቻቸው በያካማዎች ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ እንዲህ ያለው የውል መብት መሬቱ ወደ ግለሰብ እጅ ቢገባም እንደማይሻር አረጋገጠ። ለመዝናኛ ወንዝ ዳር የሚያድረው ሰው ከዚህ ጋር የሚተካከል የጽሑፍ ዋስትና ኖሮት አያውቅም። ስለ ካምፕ የሚጻፉ ታሪኮች ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ መዝለላቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ለመዝናናት ሲሉ ጫካ ማደር በከተሜው ዘንድ የተስፋፋው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። በቦስተን ያገለግል የነበረው ቄስ ዊልያም መሪ በ1869 በሰሜናዊ ኒው ዮርክ ስላሉት የአዲሮንዳክ ተራሮች መጽሐፍ አሳተመ። ባቡሩና ጀልባው የት እንደሚገኝ፣ መንገድ መሪ እንዴት እንደሚቀጠር፣ ምን ጓዝ እንደሚያዝ በዝርዝር የሚናገር መጽሐፍ ነበር። በዚያው ዓመት ድንኳን ተክሎ የማያውቅ ብዙ ከተሜ ወደ ሐይቆቹና ወደ ወንዞቹ ጎረፈ። ዝናቡና ትንኙ ብዙዎቹን አማርሮ ቢመልስም ፍላጎቱ ግን ሥር ሰዶ ቀረ።

በዚሁ ዘመን የአገሪቱ ጫካ በመጥረቢያና በእሳት እየተራቆተ ነበር። ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ ተራራ ሲራቆት ምንጭ እንደሚነጥፍና ጎርፍ እንደሚበረታ አስጠንቅቆ ነበር። ኮንግረስ መጋቢት 1891 ባወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከመንግሥት መሬት ላይ ደን እንዲከልል ሥልጣን ሰጠው፤ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰንም ወሩ ሳያልቅ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክን ተጎራብቶ ያለውን ደን የመጀመሪያው ክልል አደረገው። ክልሎቹ ለምን ተግባር እንደሚውሉ የወሰነው የ1897ቱ ሕግ ነው። ሕጉ የጠራቸው ዓላማዎች ደኑን መጠበቅና ማሻሻል፣ የውሃውን ፍሰት የተስተካከለ ማድረግና ለሕዝቡ የማያቋርጥ የእንጨት አቅርቦት ማስገኘት ናቸው። ስለ መዝናኛም ሆነ ደን ውስጥ ስለማደር አንድ ቃል አይናገርም።

በ1905 ደኖቹ ከአገር ውስጥ ሚኒስቴር ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛውረው በጊፎርድ ፒንሾ የሚመራው የደን አገልግሎት ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም «ብሔራዊ ደን» የሚለው ስም ጸደቀ። ፒንሾ ለደን ጠባቂዎቹ ያዘጋጀው ኪስ የሚገባ የመመሪያ መጽሐፍ አዳኙን፣ ዓሣ አጥማጁንና ድንኳን ተካዩን የሚያነሳው በጎን፣ ከደኖቹ እንደሚገኝ ተጨማሪ ጥቅም አድርጎ ነው። ከብት የሚያሰማራ ፈቃድ ማውጣት፣ ከ1906 ጀምሮም ለግጦሹ መክፈል ነበረበት፤ ግንድ የሚቆርጠውም ዋጋ ይጠየቅ ነበር። ሁለት ሌሊት ወንዝ ዳር ለማደር የመጣው ግን የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። ነፃነቱ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ጥቂት ጠባቂዎች እጅግ ሰፊ ደን ይዘው ሳለ ለአዳሪው የሚተርፍ ጊዜ አልነበራቸውም።

ቸልታውን ያጠበበው እሳት ነው። በነሐሴ 1910 በአይዳሆና በሞንታና የተነሳው ሰደድ እሳት በሁለት ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አቃጥሎ ከ80 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የደን አገልግሎት ሳይጠፋ የተተወ ፍምን እንደ ጠላት ማየት ጀመረ። በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ ደግሞ መንግሥት በምሥራቁ ክፍል የወንዞችን መነሻ እየገዛ ደን እንዲያደርግ ፈቀደ። የቨርጂኒያው የጆርጅ ዋሽንግተን ደን የተገኘው በዚህ ሕግ ነው። ስለዚህ ምሥራቁም የራሱን ብሔራዊ ደኖች ያገኘው በወንዝ ምክንያት ነው።

በ1908 ገበያ ላይ የዋለው ፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ቀድሞ በበቅሎና በባቡር የሚደርሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ አሁን ቤተሰብ ድንኳኑን መኪናው ላይ ጭኖ ዓርብ ማታ ወንዝ ዳር መድረስ ቻለ። ብዙ ሰው በአንድ መስክ ሲያድር ሰገራው ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ከተማ ደግሞ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። በ1916 በኦሪገን፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ አጠገብ የተሠራው የኢግል ክሪክ የካምፕ ሥፍራ ጠረጴዛ፣ የእሳት ምድጃና መጸዳጃ ቤት ተሟልቶለት ተከፈተ፤ የደን አገልግሎት ካዘጋጃቸው የካምፕ ሥፍራዎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በ1919 የተቀጠረው የመልክዓ ምድር ነዳፊ አርተር ካርሃርት በኮሎራዶው የሳን ኢዛቤል ደን ለተመሳሳይ ሥራ ዕቅድ አወጣ። ገንዘብ ስላልነበረው ወጪውን የሸፈኑት በአካባቢው የተቋቋመ ማኅበር ያሰባሰባቸው ነዋሪዎች ናቸው። ኮንግረስ ለዚህ ሥራ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሰጠው የመጀመሪያ በጀት ለመላው አገሪቱ 10,000 ዶላር ብቻ ነበር።

ጉዳቱን ከሥሩ ያስረዳው ኤሚሊዮ ማይኔኬ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ነው። በ1920ዎቹ የካሊፎርኒያን ግዙፍ ዛፎች ሲመረምር ማንም ሳይቆርጣቸው የሚሞቱ ዛፎች አገኘ። ምክንያቱ የጎማና የእግር ብዛት ነበር። የደን አፈር በበሰበሰ ቅጠል የላላ በመሆኑ ውሃና አየር ወደ ሥር ያደርሳል፤ ሲረገጥና መኪና ሲሄድበት ግን እንደ አውድማ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይታፈናሉ፤ መጀመሪያ ቁጥቋጦውና ሣሩ ይጠፋል፤ ትልቁ ዛፍ ከዓመታት በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ወንዝ ዳር ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ሥር ያልያዘውን ዳር ውሃው እየቦረቦረ ይወስደዋል። ማይኔኬ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነበር። መኪናው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞር ጠባብ መንገድ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አጭር መቆሚያ ይቆረጥለታል፤ ከመቆሚያው ውጭ እንዳይወጣም በድንጋይና በግንድ ይታጠራል። ዛሬ አብዛኛው የአሜሪካ የካምፕ ሥፍራ የሚመስለው ይህን ንድፍ ነው።

ንድፉን በምድር ላይ ያዋለው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የወጣቶች የሥራ ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1933 ሲጀመር የመጀመሪያው ካምፕ የተተከለው በጆርጅ ዋሽንግተን ደን ውስጥ ነበር። እስከ 1942 ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሥራ አጥ ወጣቶች በየተራ ተሰልፈው መንገድ አወጡ፣ ዛፍ ተከሉ፣ የካምፕ ሥፍራ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ደን ውስጥ የሚያድር ሰው ሁለት ምርጫ ኖረው፤ አንደኛው በድንጋይ የታጠረው የተዘጋጀ ሥፍራ፣ ሌላው ከዚያ ውጭ ያለው ሰፊ ዱር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጎብኚው ብዛት ሥፍራዎቹን አጣበበ። የደን አገልግሎት በ1957 የአምስት ዓመት የማስፋፊያ ዕቅድ ጀመረ፤ በ1960 የወጣው ሕግም መዝናኛን ከግጦሽ፣ ከእንጨት፣ ከውሃና ከዱር እንስሳት ጋር እኩል የደኖቹ ዓላማ አደረገው። ፒንሾ በጎን ያነሳው ነገር የሕግ ማዕረግ ያገኘው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1964 የጸደቀው የመሬትና የውሃ ጥበቃ ፈንድ ሕግ ደግሞ ለተዘጋጁት ሥፍራዎች ክፍያ የማስከፈልን መንገድ አሰፋ። ክፍያው እየተለመደ በሄደ መጠን ወደ ዱሩ ገባ ብሎ በነፃ ማደር የኪሱን ለሚያስብ ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አገኘ።

በጥቅምት 1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት የዱር ወንዞች ሕግ ስምንት ወንዞችን ከግድብ አዳነ። ከእነዚህም የአይዳሆው የሳልመን መካከለኛ ገባርና የኦሪገኑ ሮግ ይገኙባቸዋል። ሕጉ በአማካይ በእያንዳንዱ ዳር 400 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን መሬት ከወንዙ ጋር አንድ አድርጎ ይጠብቃል። ነገር ግን ዝነኛ የሆነ ወንዝ ሰው ይበዛበታል። በሳልመኑ መካከለኛ ገባር በጀልባ የሚወርድ ቡድን ዛሬ ፈቃዱን በዕጣ ያገኛል፤ የሚያድርበት ቦታ ይመደብለታል፤ እሳቱን በብረት ትሪ ላይ ያነዳል፤ አመዱንና ሰገራውን ይዞ ይወጣል። የመንገዶች ጫጫታ በማይሰማበት በዚያ ሸለቆ ደንቡ ከብዙ የመንገድ ዳር ሥፍራዎች ይልቅ የጠበቀ ነው፤ ወንዙም ንጹሕ ሆኖ የቆየው በዚሁ ነው።

በ1970ዎቹ ቀላል ድንኳንና የጀርባ ሻንጣ ሲረክስ እግረኛው መኪና ወደማይደርስበት ወንዝ ዳር ሁሉ ዘለቀ። ጥርት ካለ ምንጭ የጠጡ መንገደኞች ጃርድያ ይዟቸው ሲመለሱ፣ ከላይ ያደረው ሰው ከታች ያለውን እንደሚያሳምም ግልጽ ሆነ። በሞንታና ሚዙላ ይሠራ የነበረው የደን አገልግሎት ተመራማሪ ዴቪድ ኮል የማደሪያ ቦታዎችን ለዓመታት እየለካ ያገኘው ውጤት ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነበር። አዲስ ቦታ ክፉኛ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሰው የሚያደርሰው ተጨማሪ ጉዳት አነስተኛ ነው፤ የተጎዳው ግን ለማገገም ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል። ከዚህ የወጣው ምክር ሰው በለመደው መንገድ ላይ ቀድሞ በታደረበት ቦታ እንዲያድር፣ ማንም ባልደረሰበት ዱር ደግሞ ተበታትኖ፣ ቦታ እየቀያየረ እንዲያድር የሚል ነው። በ1980ዎቹ የመንግሥት መሬት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ምክሩን «ዱካ አትተው» በሚለው ዘመቻ አሰባሰቡት፤ በ1994 ራሱን የቻለ ማኅበር ሆነ። ድንኳን ከውሃ 60 ሜትር፣ በአዋቂ ሰው እርምጃ 70 ያህል ይራቅ፤ ሰገራ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ የእሳት ቦታ ከተገኘ አዲስ ጉልቻ አይጎለት የሚሉት ደንቦች የመጡት ከዚህ ነው።

ከውሃ መራቅ የአዳሪውን ሕይወትም ይጠብቃል። ሐምሌ 31 ቀን 1976 ምሽት በኮሎራዶው የቢግ ቶምሰን ሸለቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወርዶ፣ የተነሳው ደራሽ ውሃ ከ140 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ የሞቱት በመኪና ሊያመልጡ ሲሞክሩ ነው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ገደሉ የወጣ ይድን ነበር። በግዛቲቱ ሸለቆዎች አፍ ላይ ዛሬም የሚታየው ጎርፍ ሲመጣ ሽቅብ እንዲወጣ የሚያዝ ምልክት የተተከለው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ሰኔ 11 ቀን 2010 ደግሞ ገና ሳይነጋ በአርካንሶው የዋሺታ ደን የሊትል ሚዙሪ ወንዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከስድስት ሜትር በላይ ከፍ አለ። በአልበርት ፓይክ የካምፕ ሥፍራ ተኝተው ከነበሩት 20 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። የእጅ ስልክ በማይሠራበት በዚያ ሸለቆ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው አልነበረም። ይህ የተዘጋጀ ሥፍራ ነበር፤ በዱር የሚያድረውማ ቀስቃሽ ጎረቤት እንኳ የለውም።

የክፍያው ጉዳይ መቋጫ ያገኘው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ኮንግረስ በ1996 መሥሪያ ቤቶቹ አዳዲስ ክፍያዎችን እንዲሞክሩ ሲፈቅድ፣ መኪና አቁሞ በእግር ለመሄድ እንኳ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቦታ በዛ፤ በምዕራቡ ክፍል ተቃውሞ ተነሳ። በታኅሣሥ 2004 የወጣው ሕግ ለካምፕ ክፍያ መመዘኛ አበጀ። የመጠጥ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ጠረጴዛ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የእሳት መከለያ፣ የድንኳን ቦታና የመሳሰሉትን ዘጠኝ ነገሮች ዘርዝሮ፣ ከእነዚህ አብላጫው ያልተሟላበት ቦታ ለሚያድር ሰው ክፍያ እንዳይጠየቅ ከለከለ። መንገድ ዳር መኪና ለማቆምም ሆነ ምንም አገልግሎት ሳይጠቀሙ በደኑ ለማለፍ እንዲሁ። በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአሪዞና የማውንት ለመን ጉዳይ፣ የደን አገልግሎት በአካባቢው መኪና ካቆመ ሰው ሁሉ መሰብሰቡ ከዚህ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ፈረደ። ያለ ፈቃጅ የኖረው ልማድ በመጨረሻ ክፍያ እንዳይጠየቅበት የሕግ ዋስትና አገኘ።

ክፍያው ቢቀርም መኪናው ተገደበ። በኅዳር 2005 የወጣው ደንብ እያንዳንዱ ደን ለሞተር ተሽከርካሪ የተፈቀዱትን መንገዶች ለይቶ በካርታ እንዲያወጣ አዘዘ። ካርታው በነፃ ይታደላል። ለማደር በመኪና ከመንገድ መውጣት የሚቻለውም ካርታው በሚፈቅድበት መንገድና ርቀት ብቻ ነው። ቀድሞ እስከ ወንዙ አፋፍ ይነዳ የነበረ ሰው አሁን መኪናውን አቁሞ ድንኳኑን ተሸክሞ ይሄዳል።

እሳትም ተመልሶ መጣ። በሰኔ 2002 በኮሎራዶው የፓይክ ደን፣ የእሳት እገዳ በነበረበት ወቅት፣ ራሷ የደን አገልግሎት ሠራተኛ የሆነች ሴት የለኮሰችው እሳት 55,000 ሄክታር የሚያህል ደን በላ። በመስከረም 2017 ደግሞ አንድ ታዳጊ ወጣት የወረወረው ርችት ኢግል ክሪክን፣ ያ የ1916ቱ የካምፕ ሥፍራ ያለበትን ሸለቆ፣ አቀጣጠለው፤ ወደ 20,000 ሄክታር ተቃጠለ። በምዕራቡ ክፍል በደረቁ ወራት ማንኛውንም የእንጨት እሳት መከልከል የተለመደ ሆኗል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዉን ከቤት ውስጥ መዝናኛ ሲያስወጣው ብሔራዊ ደኖች 168 ሚሊዮን ጉብኝት ተቆጠረባቸው፤ ከቀዳሚው ዓመት በ18 ሚሊዮን ይበልጣል። በኮሎራዶዋ የክሬስትድ ቡት ከተማ ዙሪያ ያሉት ሸለቆዎች፣ የስሌት ወንዝን ጨምሮ፣ በመኪናና በድንኳን ተጨናነቁ። በ2021 የደን አገልግሎት በእነዚያ ሸለቆዎች በየመስኩ ድንኳን መትከልን አስቁሞ ማደሪያዎቹን በቁጥር ምልክት ወሰነ። በሌላ በኩል የቤት ኪራይ መናር ሰዎችን ወደ ደን ገፍቷል። በኦሪገን የቤንድ ከተማ አጠገብ በዴሹትስ ደን ውስጥ ለወራትና ለዓመታት በተጎታች ቤትና በድንኳን ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ በግንቦት 2025 ደኑ ለምንጣሮ ሥራ ሲዘጋ እንዲለቁ ተደርገዋል። የ14 ቀኑ ገደብ ለዕረፍተኛ የወጣ ደንብ ነው፤ ቤት ላጣ ሰው መልስ የለውም። ቤት የማጣትን ችግር ለደን ጠባቂ መተው ለሰውም ለደኑም የማይበጅ ፍርድ ነው።

ብሔራዊ ደኖች ዛሬ 154 ሲሆኑ ከሣር ምድሮቹ ጋር 78 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናሉ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጆርጅ ዋሽንግተን ደን ቅርብ ነው፤ ለዴንቨር ነዋሪዎች የፓይክና የአራፓሆ፣ ለሲያትል ነዋሪዎች የማውንት ቤከር-ስኖኳልሚ ደኖች አሉ። ወደ እነዚህ ደኖች ለማደር የሚሄዱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ወደ ደኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይደውሉና የእሳት እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ይጠይቁ። ድንኳንዎን ከውሃው ራቅ፣ ከጎርፉ ዱካ ከፍ ያለ፣ ቀድሞም የታደረበት ቦታ ላይ ይትከሉ፤ እሳትዎንም አመዱ በእጅ ተነክቶ እስኪቀዘቅዝ ውሃ አፍስሰው ያጥፉ።